ሙሉ ሆኖ የገባው ሸንኮራ

ሸንኮራ ከገበያ ገዝቶ፣ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ወደ ሸንኮራ እርሻ ይዞ የሚገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደማታውቁ አውቃለሁ። የእርሻው በር ጠባቂ ጋሽ ከድርም እኔ እስክመጣ ድረስ አላዩም ነበር። ደብቆ የሚወጣማ ስንቱን አይተዋል! በጃንጥላ ውስጥ የተሸጎጠ አይተዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ "በሽተኛ ነው፣ አሳልፉን" ተብሎ ቃሬዛ ላይ የተኛ፣ ጋቢ የለበሰ ሸንኮራ አይተው "እግዜር ይማርህ" ብለው ሊያሳልፉት ነበር አሉ። ይዞ የሚገባ ግን በእኔ ተጀመረ፤ በእኔም ያበቃ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ የመጣው በክፍልፋይ ነው። አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ በሚባለው የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ነገር ከመሐል ስጀምር ይጨንቀኛል።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣን ሁሉ ዕጣ እያወጣን በየአገሩ እንበተን ነበር። የእኔ ዕጣ ናዝሬት አጠገብ፣ በሸንኮራ እርሻ መሐል ባለ የሠራተኞች መንደር ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ። አልቅሼ ለእናቴ ብነግራት፣ "ናዝሬት? የእመቤታችን አገር? ታዲያ ምን ያስለቅስሻል! ሰው ተስሎ የማይደርስበትን አንቺ በደመወዝ ትሄጃለሽ!" አለችኝ። እኔም ናዝሬት ስደርስ ነፋስና አቧራ ተቀበለኝ። ከናዝሬት ወደ እርሻው ስወርድ ደግሞ ሙቀቱና ትንኙ "ቤት ለእንግዳ" አለኝ። የደጋ ሰው ነኝና በመጀመሪያው ወር የቀለጥኩትን ያህል ሻማ ቀልጦ ቢሆን ለአንድ ደብር ይበቃ ነበር።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። በሬን ቆልፌ እሄዳለሁ፤ መቆለፌን ለማየት እመለሳለሁ፤ ለማየት ስል ከፍቼው እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ደግሞ እንደገና እመለሳለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለች ጠንቃቃ በሆዷ አንድ ምሥጢር ይዛ ነበር፦ ክፍልፋይ አይገባኝም።

አትሳቁ። ምክንያት አለኝ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ክፍልፋይን ያስረዱት በአንድ ቀን ነበር፤ ያም ቀን ኅዳር ሚካኤል ዋለ። እናቴ የማኅበሩ ተረኛ ስለነበረች፣ "በመልአኩ ቀን ቁጥር አይቆጠርም" ብላ አስቀረችኝና ለማኅበርተኛው ዳቦ ስቆርስ ዋልኩ። በማግሥቱ ስሄድ ክፍሉ ክፍልፋይን ተሻግሮ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ደንቡን በቃሌ ይዤ ኖርኩ፤ "ሲባዛ ላዩን በላዩ፣ ታቹን በታቹ" እያልኩ ፈተናውን ሁሉ አለፍኩ። ትርጉሙን ሳላውቅ በግዕዝ እንደምደግመው ዳዊት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ዳዊቱ ለእኔ ባይገባኝ ለፈጣሪ ይገባዋል። ክፍልፋዩ ለማን ይግባው?

ያቺ ቀን ደረሰች። ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን ጻፍኩና "የትኛው ይበልጣል?" አልኩ።

"አንድ አራተኛ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ለምን?"

ቦንቱ የምትባል የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ተነሣች። "አራት ከሦስት ይበልጣላ፣ እትዬ!"

መጽሐፌን አየሁ። "አይደለም፤ አንድ ሦስተኛ ነው የሚበልጠው።"

"ለምን፣ እትዬ?"

"መጽሐፉ ነው ያለው።"

ቦንቱ ለታመመ ሰው እንደሚታዘን እያዘነችልኝ፣ "መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናላ" አለችና ተቀመጠች።

እውነቱን ልናገር? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ለምንድን ነው የሚበልጠው? ቁጥሩ አድጎ ነገሩ እንዴት ያንሳል? ጸሎት ላይ ቆሜ የዕለት እንጀራ የሚለው ላይ ስደርስ አሳቤ እንጀራውን አንዴ በሦስት አንዴ በአራት እየቆረሰ ያስቸግረኛል። ንስሐ ልገባ አስቤ፣ ለአባ ምን እላቸዋለሁ? "አባቴ፣ በክፍልፋይ ተፈተንኩ" ልበል?

በዚሁ መሐል ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ሱፐርቫይዘሩ ሰኞ በአራት ሰዓት መጥቶ የሦስተኛ ክፍል የክፍልፋይ ትምህርት ያያል፤ መምህርቷም "ከአካባቢው በሚገኝ የመርጃ መሣሪያ" ታስተምር ይላል። ላቤ ተንቆረቆረ። ምክንያቱም በዚያ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ የዝውውር ማመልከቻዬ ተቀምጧል። እናቴ አርጅታለች፤ ዓይኗም እየደከመ ነው፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ሰውዬው ትምህርቴን ወድዶ ከፈረመ መንዝ እገባለሁ። ካልፈረመ ትንኙና እኔ አብረን እናረጃለን።

መርጃ መሣሪያ ከየት ይምጣ? ዳቦ እንዳልጋግር በቀበሌው ሱቅ ዱቄት ከጠፋ ሰንብቷል። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሸንኮራ፤ ከሸንኮራው ኋላም ሸንኮራ። የአራተኛ ክፍል መምህሩ፣ "አንዷን ቆረጥ አድርጊያት፤ ማን ያይሻል?" አለኝ።

"የሚያይማ አለ" ብዬ ቀና አልኩ። እሱም ደንገጥ ብሎ ቀና አለ፤ የዘበኛውን ማማ ያልኩ መስሎት።

እኔ የሕዝብ ሀብት አልሰርቅም። ቅዳሜ በጠዋት ናዝሬት ወጣሁ፤ ገበያ ገብቼ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ሸንኮራ መርጬ ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጫፉ ሾፌሩን፣ ሥሩ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌን ሲነካ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከእርሻው በር ደረስኩ።

"ቁሚ፣ ባርሲስቱ!" አሉ ጋሽ ከድር። በኦሮምኛ አስተማሪ ማለታቸው ነው። "ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"ከናዝሬት ገበያ ገዝቼ ነው፣ ጋሽ ከድር።"

"ናዝሬት ሸንኮራ ይበቅላል?"

"እኔ እንጃ።"

"አይበቅልም! ከዚህ ነው ተሰርቆ የሄደው። አሁን አንቺ ገዝተሽ መለስሽልን።" ሳቃቸው መጣ። "አላህ ይስጥሽ!"

እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌባ ላለመሆን ብዬ የሌባ ደንበኛ ሆንኩ!

ጋሽ ከድር አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። "ለሚወጣ ሸንኮራ መመሪያ አለን። ለሚገባ ግን የለንም" አሉና የበሩን መዝገብ ገልጠው፣ ምላሳቸውን በጉንጫቸው እያዞሩ ጻፉ፦ "ገባ፤ አንድ አስተማሪት፣ አንድ ሸንኮራ፣ ሙሉ።" ከዚያ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። "ሙሉ ሆኖ ገብቷል፤ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።"

"ልቆራርጠው እኮ ነው!"

"ለምን?"

"ለክፍልፋይ።"

ክፍልፋይ የሚባል ሰው ያለ ይመስል ግራ ቀኝ አዩ። "እንግዲያው ሰኞ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" አሉ።

ሰኞ ደረሰ። ሁዳዴ ነው። እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም። ሱፐርቫይዘሩ ካኪ ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አጠገቡ ጋሽ ከድር፣ የተመዘገበውን ሸንኮራ ሊጠብቁ፣ ገጀራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሸንኮራው ሰሌዳው ሥር ተጋድሟል። አርባ ስምንት ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሸንኮራውን ያያሉ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጸጥታ ክፍል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም።

"ይህ አንድ ሙሉ ነው" አልኩ።

"ሙሉ ነው፤ ተመዝግቧል" አሉ ጋሽ ከድር ከኋላ።

በማስመሪያ ለካሁ። እንደገና ለካሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁና እኩሌታው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። የሽንኩርት ቢላዬን ባሳርፍበት ሸንኮራው ሳቀብኝ። ጋሽ ከድር ተነሥተው መጡና ገጀራቸውን አንዴ ጣል ሲያደርጉት ሁለት ሆነ። አንዱን ቁራጭ ለቀኝ ረድፍ፣ ሌላውን ለግራ ረድፍ ሰጠሁ።

"ልጆች፣ እነዚህ ሁለት ግማሾች እኩል ናቸው?"

"ናቸው!" አለ ግራው ረድፍ፣ ደስ ብሎት።

"አይደሉም!" አለ ቀኙ፣ ተቆጥቶ።

ቦንቱ ብድግ አለች። "እነሱ ሥሩን ወሰዱ፣ እትዬ! የሚጣፍጠው ሥሩ ነው። ለኛ የደረሰን ጫፉ ነው። ጫፍ ደግሞ ውኃ ነው!"

የመንዝ ሰው ስለ ሸንኮራ ሥርና ጫፍ ምን ያውቃል? "በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፤ እኩል ነው" አልኩ።

"ማስመሪያ ምላስ የለውም!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እትዬ ይቅመሱት! ይቅመሱና ይፍረዱ!" ክፍሉ ሁሉ ጮኸ።

እዚህ ላይ ታሰርኩ። ልቅመስ? ጾሜን ልፈታ ነው። "ጾም ላይ ነኝ" ልበል? በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰውዬ ፊት፣ በዚያ ማመልከቻ ላይ? ልዋሽ? እሱስ ጾም መፍታት አይደለም? ዞር ስል ዓይኔ ሱፐርቫይዘሩ ላይ አረፈ፤ ሰይጣን ይሁን መልአክ አላውቅም፣ አንዱ ሹክ አለኝ።

"ልጆች፣ ዛሬ እንግዳ አለን። ጓድ ሱፐርቫይዘር ቀምሰው ይፍረዱ!"

ክፍሉ አጨበጨበ። ሰውዬው በአንድ እጁ ከሥሩ፣ በአንድ እጁ ከጫፉ ቁራጭ ተሰጠው። ወደ አፉ አስጠጋ። መለሰ። ደግሞ አስጠጋ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ጥርሴን... ትንሽ ያመኛል" አለ።

"በየትኛው በኩል?" አሉ ጋሽ ከድር።

"በቀኝ።"

"በግራው ያኝኩታ!"

"በግራም... ያመኛል።"

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ከንፈሩ እንደኔው ደርቋል። ጎንበስ ሲል ደግሞ ከካኪው ኮሌታ ሥር የጥቁር ክር ጫፍ ብቅ አለ፤ ማተብ! ዓይናችን ተጋጨ። እሱ ኮሌታውን አስተካከለ፤ እኔ ጠመኔ ፍለጋ አጎነበስኩ።

ጋሽ ከድር አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ሽማግሌ የሚያየው አያልቅም። "አምጡ ለኔ" አሉ ቀስ ብለው። "የኛ ጾም ገና ነው።"

ከሥሩ ነክሰው አኘኩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ስኳር!" አሉ። ከጫፉ አኘኩ። "ዝናብ!" አሉ። ፍርዱ ተሰጠ፤ ግማሽና ግማሽ እኩል አይደለም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መንዝን የሚያህል አገር የተንጠለጠለበት ትምህርት ላይ ቆሜ፣ በራሴ ሸንኮራ ተረትቼ፣ ምን ልበል? የሚባል ሲጠፋኝ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ማወቅ መፈለጌ። ሱፐርቫይዘሩንም ረሳሁት። "ቦንቱ፣ እናንተ ቤት ሸንኮራ የምትካፈሉት እንዴት ነው?" አልኳት፤ ከልቤ።

"በቁመቱ ነዋ፣ እትዬ!" መዳፏን ቀጥ አድርጋ ከላይ ወደ ታች አሳየችኝ። "አባቴ በወርዱ አይቆርጥም፤ በቁመቱ ነው የሚሰነጥቀው። ያኔ ሁሉም ሰው ከሥሩም ይደርሰዋል፣ ከጫፉም ይደርሰዋል። ማንም አያለቅስም።"

ጋሽ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ናት። እኛም ቤት እንደዚያው ነው።" ከግማሾቹ ክንድ ክንድ የሚያህሉ፣ ውፍረታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ቁራጭ ቆረጡ። አንዱን አቁመው ገጀራውን አናቱ ላይ ደገኑና ቆም አሉ። "ለስንት?"

"ለ... ሦስት" አልኩ።

"ማን ማን ነው ሦስቱ?" አለች ቦንቱ። "መጀመሪያ አፍ ይቆጠራል፣ እትዬ። አባቴ አፍ ሳይቆጥር አይመታም።"

ሦስት ልጆች ወጥተው ቆሙ። ጋሽ ከድር ሰነጠቁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰው። ሁለተኛውን ቁራጭ አቆሙ፤ አራት ልጆች ወጡ። ሰነጠቁ። ቦንቱ ከአራቱ አንዷ ነበረች። የእጇን ስንጣቂ አየች። ከሦስቱ የአንዱን አየች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አየች። እንደገና የእጇን አየች።

"እትዬ!" ብላ ጮኸች። "ታች ያለው ቁጥር አፍ ነው! አፍ ሲበዛ ይቀጥናል!"

እኔ በዚህ ጊዜ መምህር እንደሚያደርገው "ጎበዝ፣ ቦንቱ" ማለት ነበረብኝ፤ ከዱሮም እንደማውቀው ሆኜ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ለካ!" አልኩ።

ጮክ ብዬ። ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። አስተማሪ በተማሪዎቿ ፊት "ለካ!" ካለች፣ ያውም ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተቀምጦ እየጻፈ፣ አለቀላት። ደንግጬ አፌን ያዝኩ። ሰውዬው እርሳሱን አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ሸንኮራው በአርባ ስምንት ልጅና በአንድ ዘበኛ አፍ ውስጥ ገባ፤ ወለሉ ምጣጭ በምጣጭ ሆነ።

ደወል ሲደወል ሱፐርቫይዘሩ ወደ መምህራን ክፍል አስጠራኝ።

"ክፍልፋይ የገባዎት ዛሬ ነው?" አለኝ።

ልዋሽ አልኩና የዓርብ ስግደቴን አሰብኩ። "አዎ፣ ጓድ።"

ደብተሩን ዘጋ። "አስተማሪ ሲማር ሳይ ዛሬ ገና መጀመሪያዬ ነው" አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንቺ አለኝ። "ስሚኝ እህቴ። መንዝ ያለው ቦታ አንድ ነው፤ አመልካቾች አራት ናችሁ። ለአንዷ ሰጥቻለሁ፤ ባሏ የአልጋ ቁራኛ ነው።"

እንባዬ መጣ። አንገቴን ደፋሁ።

"ቆይ። ሰው በቁመቱ አይሰነጠቅም፤ ዓመት ግን ይሰነጠቃል። ክረምት ክረምት መሠረተ ትምህርት የሚያስተምር ሰው እዚያው አገርሽ ይፈለጋል። እሱን እፈርምልሻለሁ፤ በየዓመቱ። ከአሥራ ሁለት ወር ሦስት ወር ስንት ነው?"

"ሩብ!" አልኩ፤ ደንቡን ሳልደግም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወዲያው ደግሞ ጥንቃቄዬ ተነሣብኝ። "ጳጉሜስ?"

"ጳጉሜ ለመንገድ ትሁንሽ" አለና ፈረመ።

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። ቦንቱ ናት። በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን ስንጣቂ ሸንኮራ ይዛለች። "አንዷ የርስዎ ናት፣ እትዬ፤ አንዷ ደግሞ የጋሼ። እኔ አፍ ስቆጥር እናንተንም ቆጥሬያለሁ" አለች። ወደ በሩ ዞራ ጨመረች፤ "ለዘጠኝ ሰዓት።"

ሰውዬው ጥቅሏን በካኪው የውስጥ ኪስ ከተታት፤ ሰዓቱን አየ፤ ሄደ።

ክረምት ሲገባ መንዝ ወጣሁ። እናቴ እቅፍ አድርጋ ስማኝ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "እማዬ፣ ከሲሶና ከእርቦ የቱ ይበልጣል?" አልኳት። ሲሶና እርቦ ማለት ያው አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

"ይኼን ልትጠይቂኝ ነው ከናዝሬት ድረስ የመጣሽው? ሲሶ ነዋ!"

"ለምን?"

"አፍ ያነሰበት ነዋ! ምን ሆነሻል? ያን የኅዳር ሚካኤል ለት ዳቦውን ስትቆርሺ ምን አልኩሽ? 'አፍ ሳትቆጥሪ ቢላ አታንሺ' አላልኩሽም? አልሰማ ብለሽ በአሥራ አንድ ቆርሰሽ ሦስት እንግዳ ሲጨመር አላለቀስሽም?"

ብላኝ ነበር። አልቅሼም ነበር። ያን ቀን ትምህርት ቤት ስቀር ክፍልፋይ ግን አልቀረብኝም ነበር።

መስከረም ላይ ሻንጣዬን ይዤ ከእርሻው በር ተመለስኩ። ጋሽ ከድር መዝገባቸውን ገለጡ።

"ባርሲስቱ፣ ሙሉሽን መጣሽ?"

"ሦስት አራተኛዬ ነው፣ ጋሽ ከድር። ሩቧን እናቴ ዘንድ ትቻታለሁ።"

"እሱ ደሞ እንዴት ይጻፋል?"

ሦስት ጻፍኩላቸው፤ ከሥሩ መስመር፤ ከመስመሩ ሥር አራት። ከላይ ያለው የቀረላቸው፣ ከታች ያለው ዓመቱ የተሰነጠቀበት መሆኑን አስረዳኋቸው። ትክ ብለው አዩትና ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጡ። "አንድ ሸንኮራ፣ ሙሉ" ይላል። "ወጣ" የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

"ይኼስ? እስካሁን አልወጣም እኮ።"

"እሱማ በሃምሳ አንድ አፍ ገብቶ አልቋል።"

"ሃምሳ አንድ?" በጣታቸው አሰቡ። "ልጆቹ አርባ ስምንት። እኔ አንድ። አንቺ አንድ። ሃምሳ አንደኛው ማነው?"

"ያ ጥርሱን የሚያመው ሰውዬ።"

"የት በላው?"

"እዚህ አልበላም። በኪሱ ይዞ ሄደ።"

ጋሽ ከድር ብድግ አሉ። "በዚህ በር? በእኔ በር? ጓድ ነው ብዬ ሳልፈትሸው!" ከዚያ ሳቃቸው አሸነፋቸውና ቁጭ አሉ። እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ፤ በምላሳቸው አረጠቡት፤ "ወጣ" በሚለው ዓምድ ሥር፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ አንድ ጻፉ። ከሥሩ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ ሥር ሃምሳ አንድ።